ያልተወለደው ሰው ካርድ

በሐኪም ቤቱ ምድር ቤት ያለውን ካርድ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ይዘው የኖሩት አዛውንት፣ የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ በደረጃው ሰው ይገጥመኛል ብለው አላሰቡም። ከኮታቸው ሥር አንድ ካርድ ሸጉጠዋል። ካርዱ የገዛ ባለቤታቸው ነው። ግድግዳውን ታከው ቀስ እያሉ ሲወርዱ፣ መውጫው በዚያ በኩል የመሰላት አንዲት ወጣት ጉንጯን በሻርፕ አስራ ከኋላቸው ደረሰችና ገፍታ ልትጥላቸው ስትል ለጥቂት ተረፉ።

"ውይ ጋሼ! እርስዎ ነዎት እንዴ?" አለች፣ ቃሉ ከአፏ በአንድ ወገን ብቻ እየወጣ።

የድሮ ጎረቤታቸው ልጅ ነበረች። ኮምፒውተር ተምራ፣ ኮምፒውተር ጠግና የምታድር፣ ከኪሷ ካቻቪቴ ስለማይጠፋ ሰፈሩ ሁሉ ካቻቪቴ ብሎ የሚጠራት ልጅ። ያን ቀን ግን የተጠገነችው ራሷ ናት፤ መንጋጋዋን አስነቅላ፣ ማደንዘዣው ግማሽ ፊቷን እንጨት አድርጎባት መውጣቷ ነው። አዛውንቱ ስለ እናቷ ጤና፣ ስለ ጥርሷ፣ ስለ ሥራዋ በወጉ ጠየቋት። እሷም በተጣመመ አፏ በወጉ መለሰች። ሰላምታው ሳያልቅ ግን ከምድር ቤቱ አንድ ረጅም ጩኸት ተሰማ። ቆም አለ። እንደገና ጮኸ። ከዚያ ጭር።

የአዛውንቱ ፊት አመድ መሰለ። "ደግሞ ማንን ይሆን?" አሉ፣ ለእሷ ሳይሆን ለራሳቸው።

"ማንን ማለት?"

"ምንም አይደል ልጄ። ሂጂ፣ ደም እንዳይፈስሽ።"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ የማዘርቦርድ ጩኸት ነው። ኮምፒውተሩ ታሟል።"

"እሱ አልታመመም" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የታመሙትን ነው የሚያውቀው።"

እንግዲህ ካቻቪቴ ወደ ቤቷ እንድትሄድ የሚፈልግ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መናገር አልነበረበትም። ልጅቷ ሻርፗን አጥብቃ አሰረችና ተከትላቸው ወረደች።

ካርድ ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው። ግራና ቀኙን እስከ ጣሪያው ድረስ የወረቀት ካርድ ሞልቶታል፤ ከበስተመጨረሻ ያለው መደርደሪያ ደግሞ የሞቱ ሰዎች ካርድ ብቻ በሲባጎ እየታሰረ የሚቀመጥበት ነው። አንድ መስኮት አለ፤ ከመንገዱ እኩል ስለሆነ በዚያ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ጫማ ይመጣል፣ ጫማ ይሄዳል፤ ፊት ያለው ሰው አያልፍም። ኮምፒውተሩ የሞቱት ሰዎች መደርደሪያ አጠገብ፣ አንድ አምፖል ሥር ተቀምጧል፤ ፎቅ ያሉ ሐኪሞችም አልፎ አልፎ ካርድ የሚከፍቱት በእሱ በኩል ነው። ሲገቡ ስክሪኑ ጥቁር ነበር። ማራገቢያው ብቻ ይተነፍሳል።

"ተቀመጪ" አሉ አዛውንቱ። "አንቺ የተማርሽ ልጅ ነሽ፤ ትስቂብኝ ይሆናል። ቢሆንም ለሰው ሳልነግር ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ከበደኝ። መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋ ነበረች። ለቀጠሮዋ ካርዷን በማሽኑ ስከፍት ስሟ ደኅና ነው። ከስሟ በታች ግን ፊደሎቹ ተበታተኑ። አራት ማዕዘን ሣጥን፣ የማላውቀው ምልክት፣ የሌላ ሰው ዕድሜ። ከዚያ ማሽኑ ድርቅ አለ። በራሱ ጠፋ፣ በራሱ ተነሣና ጮኸ። በዘጠነኛው ቀን ሞተች።"

"ነፍስ ይማር።"

"አጋጣሚ ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ ጡረተኛው አስተማሪ። ያው መበታተን፣ ያው ጩኸት። አንድ ወር አልቆየም። ከዚያ መጻፍ ጀመርኩ።" ከመሳቢያቸው አንድ ሰማያዊ ደብተር አወጡ። በዚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው አስራ ዘጠኝ ስም ተደርድሯል። ሰባቱ ላይ መስቀለኛ ምልክት አለ።

"አስራ ሁለቱስ?"

"ገና ናቸው።"

"ጋሼ፣ በዚህ አቆጣጠርማ እኔም እርስዎም ገና ነን።"

አዛውንቱ አልሳቁም። ልጅቷ ግን በደኅናው ጉንጯ እየሳቀች ወደ ታች አነበበችና የመጨረሻው ስም ላይ ስትደርስ ሳቋ ቀጥ አለ። በልጅነቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ጠብቀው ዳቦ የሚቆርሱላት የእትዬ ስም ነበር። የጋሼ ሚስት።

"መቼ?"

"ሦስት ሳምንት ሆነው።" አዛውንቱ ከኮታቸው ሥር የወረቀቱን ካርድ አውጥተው በሁለት እጃቸው ያዙት። "ካርዷን ፎቅ ላይ ወስጄ ማየት ፈለግኩ፣ የጠፋ ፊደል ይኖርበት እንደሆነ። የለበትም። ወረቀቱ ደኅና ነው። ማሽኑ ነው የሚያውቀው።"

"እስቲ ልክፈተው።"

"አይሆንም! ከተነካ የሚመጣውን አላውቅም።"

"ካልተነካስ የሚመጣውን ያውቃሉ?"

አዛውንቱ ካርዱን ደረታቸው ላይ አስጠጉት። ጥያቄው ግን ውስጣቸው ገብቶ ተቀመጠ፤ የተማረ ሰው ያልተማረውን ሲያሸንፍ አብዛኛውን ጊዜ በመልስ ሳይሆን በእንዲህ ያለ ጥያቄ ነው።

"ልጄ" አሉ፣ "ትምህርትሽን አልንቅም። ግን ሃያ ስድስት ዓመት እዚህ ተቀምጬ ትምህርት የማይደርስበት ብዙ አይቻለሁ። በሽተኛው በር ላይ ሲቆም አይታ ብቻ አይተርፍም የምትል ነርስ ነበረች፤ አትሳሳትም ነበር። ሰው ይህን ካወቀ፣ ሌት ተቀን የበሽተኛ ታሪክ ሲያገላብጥ የሚውል ማሽን ለምን አያውቅም?"

"ነርሷ ያወቀችው ዓይን ስላላት ነው ጋሼ። ማሽኑ ዓይን የለውም፤ ዕቃ ብቻ ነው ያለው። ዕቃውን ማን ገጠመው?"

አዛውንቱ እዚህ ላይ ትንሽ ቀና አሉ። በዚህ ሥራቸው ይኮራሉና። "እኔ ነኝ። ፎቅ ላይ ኮምፒውተር ሲሞት ወደ ቆሻሻ ሲወረውሩት ማየት አልችልም። ከሞተው አንድ ነገር እፈታና በሕይወት ላለው እሰጠዋለሁ። ቀዳዳው ውስጥ ከገባ ገጠመ ማለት ነው፤ ካልገባ አልገጠመም። ምንም ሳይባክን ይኸው ስንት ዓመት ሠራሁበት።"

"መጨረሻ የገጠሙት ምንድን ነው?"

"ራም የምትሉትን። ከድንገተኛ ክፍሉ ማሽን የወጣ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።"

ቁጥሩን ሲናገሩት ሁለቱም ሰሙት። አዛውንቱ ፈጥነው ወንበራቸውን ከኮምፒውተሩ ሳጥን አራቁ። "አየሽ?" አሉ በሹክሹክታ። "ከድንገተኛ ክፍል ነው የመጣው። ስንት ሰው ሲሞት ያየ ዕቃ ነው። ያየውን ይዞ መጥቶ ይሆናል።"

በመስኮቱ ከሚያልፉት እግሮች አንዱ ጥንድ ቆመ። ጥቁር የወንድ ጫማ ነው፤ ወደ ክፍሉ ዞሮ ጥቂት ቆየና ሄደ። ካቻቪቴ ትምህርቷ ከልቧ ባይጠፋም ክንዷን ብርድ ብርድ አላት። ያንን ለራሷም ሳትናገር ካቻቪቴዋን አወጣችና የሳጥኑን ብሎን መፍታት ጀመረች። አዛውንቱ አልከለከሏትም፤ አልፈቀዱላትምም።

ከውስጥ፣ ዕቃዎቹ ሁሉ የሚሰኩበት የማዘርቦርዱ አረንጓዴ ገጽ በአቧራ ተሸፍኖ ብቅ አለ። አቧራውን ልትነፋ ብትሞክር በማደንዘዣው ምክንያት ከንፈሯ እምቢ አላትና በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው።

"ይምጡ ይዩ። ራም ማለት ማሽኑ ሲሠራ ለጊዜው የሚያስብበት ነው። ያየውን አይዝም ጋሼ፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉንም ይረሳል። ዓለም ላይ እንደ እሱ ረሺ የለም። ገና ከድንገተኛ ክፍሉ ማሽን ሲነቀል ያ ሁሉ ሬሳ ከውስጡ ወጥቷል። አሁን ሁለቱን አስተያይተው ይንገሩኝ፤ አንድ ናቸው?"

አዛውንቱ መነጽራቸውን አስተካክለው አጎነበሱ። ጎን ለጎን የተሰኩት ሁለት ቀጫጭን ሰሌዳዎች ቁመታቸው አንድ ነው። የተለጠፈባቸው ቁጥር ግን የተለያየ ነው።

"ይሄ ፈጣን ነው፣ ያ ዝግተኛ። ማዘርቦርዱ ሁለቱንም ቀዳዳው ውስጥ ያስገባቸዋል እንጂ አብሬ አሠራቸዋለሁ አላለም። እያንዳንዱ ቦርድ የሚቀበለው ዓይነት፣ የሚችለው ፍጥነት፣ የሚፈልገው ኃይል ተጽፎለታል። ሁለት ሰው አንድ ጠረጴዛ ተሸክሞ ደረጃ ሲወርድ አንዱ ከሮጠ ምን ይሆናል?"

"ይወድቃል።"

"የሚወድቀው ፊደል ነው። ግን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ቦርዱ ራሱ ቢተዉት ሁለቱንም በዝግተኛው ልክ ያስኬድ ነበር። የፍጥነት ቅንብሩን በእጁ የነካ ሰው አለ?"

"ያኔ አልነሣ ብሎኝ፣ ጡረታ የወጣው ኤሌክትሪክ ሠራተኛችን በብጣሽ ወረቀት ቁጥር ጽፎ ሰጠኝ። ሲነሣ የሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ ገብተህ ይቺን ቁጥር ሙላ፣ ከዚያ ወዲያ እጅህን እንዳታስገባ አለኝ። እኔም አላስገባሁም።"

"የሞሉት የፈጣኑን ቁጥር ነው። ዝግተኛውን በግድ እያሯሯጡት ነው ሁለት ዓመት።"

"እሺ ይሁን" አሉ አዛውንቱ፤ ጭንቀታቸው ወደ ክርክር እየተለወጠ። "ይሁንልሽ። ታዲያ ለምን የሁሉንም ፊደል አይበትንም? የጉንፋኑን፣ የጥርሱን፣ የሚድነውን ሰው ካርድ ስከፍት ደኅና ነው። የሚሞቱትን ለምን መረጠ? ይህን መልሺልኝ።"

ልጅቷ ጣቷን ከአንዱ ራም ወደ ሌላው አንቀሳቀሰች። "በዚህ አቀማመጥ መጀመሪያ የሚሞላው ይሄኛው፣ ደኅናው ነው። ትንሽ ካርድ እዚሁ ያልቃል። ወደ ዝግተኛው የሚፈሰው ወፍራም ካርድ ሲከፈት ብቻ ነው፤ ብዙ ገጽ፣ ብዙ የራጅ ፎቶ ያለው። ወፍራም ካርድ የማን ነው ጋሼ? እርስዎ ነዎት የሚያውቁት።"

ሃያ ስድስት ዓመት ካርድ ያገላበጠ ሰው ይህን ለመመለስ ማሰብ አያስፈልገውም። "ብዙ የታመመ ሰው" አሉ።

"ብዙ የታመመ ሰው ደግሞ ከጉንፋኑ ሰውዬ ይልቅ ለሞት ይቀርባል። ማሽኑ ሞትን አላወቀም፤ ውፍረትን ነው የሚያውቀው። ለዚያም ነው ከአስራ ዘጠኙ አስራ ሁለቱ በሕይወት ያሉት።"

"የተማረ ሰው ለሁሉም ነገር መፍቻ አያጣም" አሉ አዛውንቱ፤ ድምፃቸው ግን እንደ መጀመሪያው አልነበረም። "ሊሆንም ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። ባለቤቴን በ'ሊሆን ይችላል' አልሰጥም።"

"እኔም አልሰጥም። ስለዚህ እንፈትነው።"

ካቻቪቴ ሳጥኑን እንደተከፈተ ትታ ማሽኑን አስነሣችና፣ እንዳይጠፉ ያሉትን ካርዶች በሙሉ በፍላሽ ገለበጠች። ከዚያ አዲስ ካርድ ከፈተች። የስም ቦታው ላይ "ማንም" ብላ ጻፈች። ዕድሜ ዜሮ። አድራሻ የለም። በሽታ የለም። ከዚያ ለትምህርት የተቀመጠ አንድ የራጅ ፎቶ ሁለት መቶ ጊዜ ደጋግማ ለጠፈችለት።

"ይህ ሰው አልተወለደም" አለች። "እናት የለውም፣ አልታመመም። አሁን እርስዎ ይክፈቱት።"

አዛውንቱ ተጫኑት። መጀመሪያ ስሙ ወጣ፤ ማንም። ቀጥሎ ደረቱ የተከፈተ የሚመስለው የራጅ ጥላ በስክሪኑ ላይ ወረደ፤ የጎድን አጥንቶቹ አንድ በአንድ ወደ ጎን ተሰበሩ፤ ፊደሎቹ ተበታተኑ። ዜሮ የነበረው ዕድሜ ሰባ አንድ ሆነ። ማራገቢያው ፀጥ አለ። በዚያ ፀጥታ ውስጥ ያ ረጅም ጩኸት መጣ። ቆመ። ደግሞ መጣ።

የአዛውንቱ ቀኝ እጅ፣ እሳቸው ሳያዙት፣ እርሳሱን አንሥቶ ሰማያዊው ደብተር ላይ ወረደ። ሃያኛ ብሎ ጀምሮ "ማ" የሚለውን ፊደል ሊጽፍ ሲል ቆመ።

እጃቸውን ተመለከቱት። የሌላ ሰው እጅ መሰላቸው። "ያልተወለደ ሰው" አሉ ቀስ ብለው፣ "እንዴት ይሞታል?"

ልጅቷ ማሽኑን አጥፍታ ዝግተኛውን ራም ነቀለችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ቅንብሩ ውስጥ ገብታ የእጅ ቁጥሩን አጠፋችና ቦርዱ ራሱ እንዲመርጥ አደረገች። ራሙን የሚመረምረውን ፕሮግራም አስኬደች፤ አንድም ስህተት አልወጣም። የ'ማንም'ን ካርድ ከፈቱ። የሁለት መቶው ፎቶ የጎድን አጥንት ሳይሰበር ተደርድሮ ታየ። ማሽኑ አሁን ትንሽ ይዘገያል፤ አይሳሳትም። ቀጥሎ የሰባቱን ሙታን ካርድ ከፈቱ። የልብስ ሰፊዋ ካርድ ላይ፣ ያኔ ሣጥንና ምልክት በነበረበት ቦታ፣ "ሳሏ ቀንሷል" የሚል ተራ የሐኪም ቃል ተጽፎ አገኙ። አዛውንቱ ያንን ሲያነቡ እንባቸው መጣ።

መጨረሻ ላይ የባለቤታቸው ተከፈተ። ጥርት ያለ ነው። ካቻቪቴ ገጹን ስታወርድ ግን ፊቷን አኮማተረች። "የኦፕራሲዮናቸው ቀን ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እዚህ ላይ ወደፊት ተገፍቷል። ይሄን ማሽኑ አልሠራውም፤ በሰው እጅ የተጻፈ ነው።"

"በእኔ እጅ ነው" አሉ አዛውንቱ። "ስሟ ከወጣ በኋላ ቢላ ሥር ከምትሄድብኝ ቤቷ ትሁን ብዬ ነው። ለእሷ ሐኪሙ ነው ያዛወረው አልኳት።" ሳይጠየቁም ቀጠሉ። "አናጢውንም ገፍቼዋለሁ። ከሰባቱ አንዱ ነው። ያለቀለትን ሰው ለምን በቀጠሮ አመላልሰዋለሁ ብዬ ሁለት ሳምንት አራቅኩት። በአስረኛው ቀን ሞተ። በቀኑ ቢገባ ይድን ነበር?"

"ሐኪም አይደለሁም ጋሼ። አልዋሽዎትም፤ አላውቅም። አሁኑኑ ግን ወደ ላይ እንውጣ።"

ሰው ምልክት ባየ ጊዜ ምልክቱን ብቻ አይቶ አይቀርም፤ እጁም አብሮ ይሠራል። የአዛውንቱ እጅ ከራሙ የባሰ ነገር ሠርቷል፤ እሳቸውም ደረጃውን ሲወጡ ይህን እያሰቡ ነበር።

ዋናው ሐኪም እስከ መጨረሻው ሰማቸው። አልጮኸባቸውም። ቀጠሮ የመያዝ ሥራውን ከእጃቸው ወሰደ፤ የባለቤታቸውን ኦፕራሲዮን ለከነገ ወዲያ አደረገ፤ የአናጢውንም ካርድ ለብቻው እመረምረዋለሁ ብሎ አስቀረ። በኋላ የተገኘውን ጥቅምም መሰወር አይገባም። ኦፕራሲዮኑ በደኅና አለቀ። ነርሶች የማሽኑን ካርድ ከወረቀቱ ጋር ሲያመሳክሩ ሁለት በሽተኞች ላይ የመድኃኒት መጠን ተለውጦ አገኙ፤ አንዱ ባይታረም ኖሮ ሰው ይገድል ነበር። አዛውንቱም "ለሰው ሁሉ ካርድ ይዤ ለማሽኑ አለመያዜ" እያሉ፣ ለሐኪም ቤቱ ኮምፒውተሮች ሁሉ አንዳንድ ካርድ በእጃቸው አወጡላቸው። የማዘርቦርዱ ዓይነት፣ የሚቀበለው ራም፣ የሚችለው ፍጥነት፣ ማን ምን ቀየረ፣ በየትኛው ቀን፣ ለምን። ከሞተ ማሽን ዕቃ መውሰዱ አልቀረም፤ ሳይመሳከር መሰካት ነው የቀረው። ምድር ቤቱ ውስጥ ከዚያ ወዲህ የጮኸ ነገር የለም።

ይህ ግን በኋላ የሆነ ነው። የዚያን ዕለት ከሰዓት አዛውንቱ ወደ ቤታቸው ገቡና ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ቆመው፣ ለባለቤታቸው ሁሉንም ነገሯቸው። ስለ ደብተሩ፣ ስለ ቀጠሮው፣ ስለ አናጢው። ባለቤታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሰሙ።

"እኔ አውቄ ነበር" አሉ ባላቸው ሲጨርሱ።

"ምኑን?"

"መሞቴን። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቀን አልተቆጣኸኝም። ሻይ ታቀርብልኛለህ፤ ቁጭ ብለህ ታየኛለህ። አርባ ዓመት አብሬህ ስኖር እንዲህ አይተኸኝ አታውቅም። ሐኪሙ የነገረህ ነገር አለ ብዬ፣ አንተን እንዳላስጨንቅ ዝም አልኩ።" ተነሥተው ቁም ሣጥኑን ከፈቱት። ቀሚሶቻቸው በሙሉ በጥቅል በጥቅል ታስረዋል። በየጥቅሉ ላይ የእህቶቻቸው ልጆች ስም ተጽፏል።

አዛውንቱ በሩን ይዘው ቆሙ።

"አናጢውስ?" አሉ ባለቤታቸው። "እሱም መጥቶ አይቶህ ነበር?"

"ሁለት ጊዜ። ቀጠሮዬ ለምን ራቀ ብሎ።"

"ምን አልከው?"

"ወንበር ሰጠሁት። በሰላም ግባ አልኩት። እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘሁት። ማንንም እስከ ደረጃው ሸኝቼ አላውቅም።"

ባለቤታቸው የባላቸውን ኮት ኮሌታ አቃኑላቸው።

"እንግዲህ ሂድ" አሉ ባለቤታቸው። "የአናጢው ሚስት ባሏ ቀኑ ደርሶ የሞተ መስሏት ተቀምጣለች።"

"ምን እላታለሁ?"

"ለእኔ ያልከውን። ቀጠሮውን ያራቀው ሐኪሙ አይደለም፣ እኔ ነኝ በላት። ብትጮህብህም ቁም።"

አዛውንቱ ወጡ። ባለቤታቸው የእግራቸው ኮቴ እስኪርቅ ድረስ ጠበቁና፣ ቁም ሣጥኑ ፊት ተቀምጠው ጥቅሎቹን አንድ በአንድ መፍታት ጀመሩ።